እንየው

ሱቄ ብቸና ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ክረምት ሲሆን ውሃው ከሰው ቀድሞ ሚገባ፤
ሬዲዮ እፈታለሁ፣ ስልክ እበይዳለሁ፣
ሌሊት ግን ለሌላ፣ ለሩቅ እሠራለሁ።

በየአሥራ አምስት ቀን፣ ኔትወርክ ሲበረታ፣
ከተማው ሲተኛ፣ ጫጫታው ሲገታ፣
ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ በጠብታ በጠብታ፣
የሙከራው ቅጂ ይወርዳል በማታ።
ዶሮ ሲጮህ ያልቃል፤ እኔም ሳልተኛ
ሁለት ቁልፉ በጎደለ በላፕቶፕ መናኛ
ጭኜ አስነሣዋለሁ። አንዳንዴ ይነሣል፤
አንዳንዴ ጥቁር ለብሶ ለራሱ ያለቅሳል።

ግማሽ አንጀቱ ክፍት፣ መስመር በመስመር የማነብበው፣
ግማሹ እሽግ ነው፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያየው፤
እሽጉ ቢታመም የማውቀው በትኩሳቱ ነው።

አንድ ሌሊት፣ በሰባተኛው ሙከራ፣
ቀኖቹን በሙሉ ባስቆጥረው በተራ
ነሐሴን ጨርሶ መስከረምን ጠራ።
ጳጉሜን ዋጣት! አምስቱን ቀን ከነስሟ፣
ከነሩፋኤል ጠበሏ፣ ከነጉሟ።
ጻፍሁላቸው፦ «እኛ ዘንድ፣ ጌቶች፣ ወሩ አሥራ ሦስት ነው፤
ትንሿን የረሳ፣ የዓመቱን ዕዳ በማን ላይ ሊጥለው?»
ዘጠነኛው መጣ። ማንም ስሜን አልጠራ፤
ጳጉሜን ግን ተመልሳ ቆማለች ከወራቱ ተራ።
የዚያን ዕለት የሁለት ደንበኛ ስልክ በነጻ ሠራሁ፤
ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አላወራሁ።

አሁን አንድ መልእክት፣ አጭር፣ ቀዝቀዝ ያለ፦
«የሙከራው ቅጂ ካሁን ወዲያ የለ፤
በቤት ይፈተናል። ክፍቱ በር አይዘጋም፤
ሥራው ሳያልቅ ግን ወደ ደጅ አይወጣም።»

መሪጌታ ፈንቴ ሬዲዮ ሊያሠሩ ቢመጡ
ነገርኋቸው። ጭራቸውን ይዘው ዝም ብለው ተቀመጡ።
«ዲማ ሳለሁ» አሉ፣ «የኔታ ከዛፍ ሥር፣
ቅኔ ቆጥረን ማታ ስንሄድ ልንነግር፣
ቤት የመታው ሳይሆን ቤት የሰበረው ነበር
ጉባኤውን ሁሉ የሚያስተምር።
ጎጆውን ዘግቶ ቆጥሮ፣ ሳይነግር፣ ሳይታረም
ከነስሕተቱ ነው ከማኅሌት የሚቆም።»
ሂሳብ ከፈሉ። ሬዲዮው እያፏጨ ይዘውት ሄዱ።

ምናልባት ልክ ናቸው፤ በዚያ ቤት ሊቅ ሞልቷል፤
ግን ከዚያ ሁሉ ሊቅ ጳጉሜን ማን ያውቃል?

ዛሬ አሥራ አምስት ቀኑ ነው። ኔትወርኩም ጥሩ ነው።
የሚወርድ የለም። ላፕቶፑን አስነሣሁት እንዲያው፣
የድሮውን ሙከራ፣ ባለብዙ ስብራቱን፤
በደብተሬ አዲስ ገጽ ጻፍሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን።
ከሥሩ ባዶ ነው።

እናቴ ስም ስታወጣ፣ ከእኔ በፊት ሦስት ሞተውባት፣
«ይቆይ እንደሆነ እንየው» አለች፣ ደጇን ሳትዘጋ ለምናልባት።
እነሆ አርባ ሞላኝ፤ አሁንም እሳሳታለሁ፣ ሰው ያርመኛል፤
አላለቀም ብሎ ግን ማን ከቤት ደብቆኛል?