ከቤቱ በፊት በሩ

የቆርቆሮ ዋጋ ባሕር ማዶ ወደቀ፤
ተራራው እንዳለ ሥራው ግን አለቀ።
ወረቀት አመጡ፤ አባቴ ፈረመ፤
ጸሐፊው አዘነ፣ ቃሉን እየደገመ፦
«መባረር አይደለም፣ ዝውውር ነው» አለው፤
ዝውውሩ ወዴት እንደሆን ሳይነግረው።

ቤቱ የኩባንያ፣ አምፖሉ የኩባንያ፣
ምስማሩ ሳይቀር ሰፍሯል በመመዝገቢያ።
በሩ ግን የእርሱ ነው፤
ከተናደ ዋሻ ድጋፍ እንጨት ለቅሞ፣
ሦስት እሑድ የሠራው መጠጥ ቤቱን ጾሞ።
ማጠፊያውን ፈታ፤ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣
እንደታመመ ሰው በጀርባው ላይ አዝሎ፣
ጭነት መኪናው ላይ አስተኛው ከጎኔ፤
ሦስት ታናናሾቼ፣ ሁለት ዶሮ፣ እኔ።

እናቴ ፎርቱናታ ዞራ አላየችም፤
ጉንጯ አብጦ ነበር፤ ቃልም አልወጣትም።
ኮካ ነው ያኘከችው፣ ለብርዱ፣ ብለናል።
መንገዱን በሙሉ ሜዳው ተከትሎናል፣
ዛፍ የማያውቅ ሜዳ፣ ብርድ የላጨው ራቁት፤
ዊልማ የዶሮ እግር ጨብጣ እስከ ንጋት።

ኤል አልቶ ደረስን። ሰፈሩ ቅንድብ ይባላል፤
ከገደሉ በታች ላ ፓዝ ተንጣሏል፤
ሲተረጎም፣ ሰላም።
ማታ ማታ መብራቱ እንደ ፍም ይደምቃል፤
ዓይን የገዛ ቅንድቡን መቼ አይቶት ያውቃል?

አራት ድንጋይ አሳዩን፦ «መሬታችሁ ይኸው።»
አባቴ መጀመሪያ በሩን ነው ያቆመው።
ግድግዳ ሳይኖረው፣ ጣራም ሳይደርስለት፣
ሰማይ በግራ ቀኙ እንደ ልቡ ሲያልፍበት።
እኛ ከሸራ ሥር። በጎን ስንገባ እናቴ ተቆጣች፦
«በበር ነው የሚገባ! ከብት ናችሁ?» አለች።
አንኳኳን።
«ማነው?» አለች።
ስማችንን ነገርናት፤ ከፈተች።
ሰፈሩ ሳቀብን። በሳምንቱ ግን ዶኛ ሂላሪያ
ጨው ልትበደር መጥታ
አንኳኩታ ቆመች፣ እስኪከፈትላት።

ጧት ጧት ወደ ሰላም ይወርዳል አባቴ።
«ሙያህ ምንድን ነው?» ይሉታል።
«ጨለማ ውስጥ አያለሁ፤
ድንጋይ ከመናዱ በፊት ሲያስብ እሰማለሁ።»
ፀሐይ በሞላበት ይህን ሙያ ማን ይገዛዋል?
ማታ ሽቅብ ሲመለስ ደረጃው ሳሉን ይቆጥርለታል።
ሃያ ሁለት ዓመት ቆርቆሮ የቆፈረ፣
ለጣራው ቆርቆሮ መግዣ አጥቶ አደረ።

እናቴ ቀድማው ሥራ አገኘች፤
አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ባቄላ ቀቅላ ሸጠች።
ሳንቲሙን በእጁ አልሰጠችውም፤
እርሱ ሲተኛ ተነሥታ
በኮቱ ኪስ ከተተች።
ጧት እጁን ሰድዶ ሲያገኘው ዝም አለ፤
ቆይቶ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «የመሳፈሪያ አለኝ» አለ።

በኋላ የፍሳሽ ቦይ ቆፋሪ ፈለጉ።
«መሬት ውስጥ ነው፣ ጠባብ ነው» አሉት፣ እንደ ማስፈራራት።
ሳቀ።
ከመጣን ወዲህ ጥርሱን ያየነው ያን ቀን ነው።

ጡቡ በአንደኛው ዓመት ወገብ ደረሰ፣ በሁለተኛው ትከሻ።
ቆርቆሮው የተመታ ዕለት በረዶ ዘነበ፤
እኛ ጆሯችንን ይዘን ስንጮኽ
እርሱ አንጋጦ ቆመ፣
የአገሩን ልጅ በሰው አገር እንዳገኘ ሰው፦
«አንተስ ከየትኛው ተራራ ነህ?»

በዚያው ምሽት እናቴ ከደፉ ሥር አንድ ጡብ ፈነቀለች።
ከጉያዋ ጠጠር አወጣች፣
በመንገድ ሌሊቱን ሙሉ ጉንጯ ውስጥ የነበረ፣
ከኤሊሴዮ መቃብር፣
መራመድ ሳይጀምር ከቀረው ወንድሜ።
ቀበረችው፤ ጡቡን መለሰች።
እኛ ኮካ መስሎን።

አሁን በሩ ብረት ነው።
ልጄ እየሮጠ ሲገባ ደፉን ሲረግጠው
እቆጣለሁ፤
ምክንያቱን ገና አልነገርኩትም።