መገጣጠሚያ

ኮዬ ፈጬ ውሃ ሐሙስ ሌሊት ይመጣል፤
ከመምጣቱ በፊት ቱቦው ቀድሞ ያስላል፤
አየር ይተፋል፣ ዝገት ይተፋል፣
ከዚያ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል።

እኔም እንደዚያው ነኝ።
ከመስከረም ወዲህ እንጀራ ቆመብኝ፤
ቀጥሎ ቂጣው፣ ቀጥሎም ድንቹ፣
አሁን አጥሚት ብቻ፣ እሱም በትንሹ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቧንቧ ጠግኜ
የራሴው ተዘጋ፣ ቀረሁ ተመልካች ሆኜ።

ዶክተር ምንታምር ወረቀት ላይ ሣለችው፤
ከአንገት እስከ ሆድ አንድ መስመር አወረደችው፣
መሀሉን በእስክሪብቶ አጠቆረችው።
«ዕጢው ይኸውና። ቆርጠን እናወጣዋለን፤
ጨጓራዎን ሽቅብ ስበን ከቀረው ጋር እንሰፋዋለን።
ከዚያ በፊት ግን
ሃያ ሦስት ቀን ጨረር፣
በሳምንት አንዴ ኬሞ በደም ሥር፤
እንዲኮማተር፣
የያዘውን እንዲለቅ ቀስ በቀስ ከዳር።»

«አደጋውስ?» አልኳት።
እስክሪብቶዋን ከደነች። አልቸኮለችም፤
ስለዚያ ወደድኳት። አልዋሸችኝም።
«ነጭ የደም ሕዋስዎ ይወርዳል፤
ሌላውን ያስነጠሰ ጉንፋን እርስዎን ይጥላል።
ሳንባ ሊቆጣ ይችላል፤ ልብም ከጨረሩ መንገድ አይርቅም።
መዋጥ መጀመሪያ ይብሳል እንጂ አይቀልም፤
ደክመው፣ ከስተው፣
ከቀዶ ጥገናው ደጃፍ የሚቀሩም አሉ።
ደግሞ ጨረር የመታው ሥጋ ሲሰፋ
መገጣጠሚያው ሊያፈስ ይችላል።»

ሊያፈስ።
ከተናገረችው ሁሉ ይሄ የኔ ቃል ነው፤
ስበላበት የኖርኩት፣ ልጅ ያሳደግኩበት ነው።

ፒፒአር ቱቦ በማሽን ይሞቃል፤
ሃያ አምስቱ ከሆነ ሰባት ሰከንድ ይበቃል።
ካነሰ አይያያዝም፣ ያፈሳል፤
ከበዛ ከውስጥ ቀልጦ ይደፈናል።
ከድርን፣ ረዳቴን፣ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ፤
«ቁጠር እንጂ አትገምት!» እለዋለሁ።
አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ ገመተ፤
ሦስተኛ ፎቅ የሙሽራ ሣጥን በስብሶ ሻገተ።

«የኔን ሰከንድ ማን ይቆጥራል?» አልኳት።
«እንቆጥራለን» አለች፣ «ግን ሥጋ ቱቦ አይደለም ጋሼ፤
የአንዱ ሰባት ለሌላው አሥር ነው።»
«ሳታሞቁ ብትቆርጡትስ?»
«ይቻላል። ግን ጠርዙ ላይ ቅሪት ይተርፋል ብዬ እፈራለሁ፤
የተረፈው ተመልሶ ይመጣል።»

መንገዱም አለ። በሌሊት ሃይገር፣
ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሆስፒታል በር፣
መስኮት የዘጋ፣ ያስነጠሰ ሁሉ
ስሜን የሚያውቅ ይመስለኛል።

አስካለ ወፍጮ ቤት ወስዳ ሚዛን ላይ ታቆመኛለች።
ባለወፍጮው ዱቄቱን ከሚዛኑ ይጠርግልኛል፣
እንዳያከብደኝ!
ግማሽ ኩንታል ከአንድ ኪሎ።
ከግማሽ ኩንታል ከወረድኩ ቢላው ይቀራል ተብያለሁ።
«ጫማህን አታውልቅ» ትላለች አጎንብሳ፣
ሚዛኑን ልትሸውድ ተነሥታ።

ሐሙስ ነው። ቱቦው አሳለ።
አስካለ ጀሪካን ደረደረች፤ ኮሪደሩ ላይ ባልዲ ተንኳኳ፣
አንድ ልጅ ከላይ ፎቅ «መጣ!» አለ።
ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ፊርማዬ የዛሬ ማታ፣
የተንሻፈፈ፣ እንደ ጀማሪ ብየዳ።
አንድ ማንኪያ ውሃ አፌ ውስጥ ይዤ
ቆጠርኩ።
በአምስት እምቢ አለ። በስድስትም።
በሰባት ወረደ፤
እስከየት እንደደረሰ ግን
እኔ ከውጭ ያለሁት ምን አውቃለሁ።