መካከለኛ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
አምስት ጠረጴዛ አላት ትርሲት፤ ስድስተኛው እንዳይሆን
የማድቤቱ በር ከለከለ።
ሐምሌ ነው። ዓርብ ነው። ዝናቡ ደንበኛ አስቀርቶ
እኔንና እሷን ብቻ ተወ፣ አንድ የዝዋይ ቆሮሶ ጨምሮ፤
እና ጠርሙሷን፤ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ አረንጓዴ፣
ከአምቦ ውሃ ጎን ቀዝቅዛ፣ ላብ አስምጧት እንደ ነጋዴ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በነጭ ጓንት አሳላፊ ነበርኩ፣
«ለዓሣው ነጩ፣ ለሥጋው ቀዩ» እያልኩ ሰው መከርኩ፤
አንዲት ጠብታ ሳልቀምስ።
ቡሹን ግን ማንም አይቆጥረውም። በኪሴ ከትቼ፣
ሳሪስ እስክደርስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ አሸተው ነበር አውጥቼ።

ይችን አንድ የድልድይ መሐንዲስ፣ ጀርመን፣ ሊሄድ ሲል ሰጠኝ፤
«አጥናፉ፣ ለእንግዳ እንዳትቀዳት» ብሎ በኮልታፋ አማርኛ አስማለኝ።
ለልጄ ሠርግ አልኩ፤ ተድራ ሄደች። ለቤት ምርቃት አልኩ፤ ቤቱ አልቆመም።
ዘጠኝ ክረምት ቁም ሣጥን አናት ላይ፤ ከአቧራ በቀር ማንም አልደፈራትም።

«ምን ይላል?» አለች ትርሲት፣ ወረቀቱን በጥፍሯ እየፋቀች።
«ሪዝሊንግ። ሃልብትሮከን። ግማሽ ደረቅ ማለት ነው።» ሳቀች።
«ደረቅማ እንዴት ይገመሳል?
አባቴ ጠጅ ቤት ሦስት ዓይነት ነበር፤ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ።
መካከለኛ በለኝ፤ ምን ያንተባትብሃል?»

የወይን ብርጭቆ የላትም። በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁ።
አሸተተች፤ ፊቷ ተኮማተረ። «ላምባ! ላምባ ልታጠጣኝ ነው እንዴ?»
«እርጅናው ነው» አልኳት፣ ከእንግዶች የለቀምኩትን፣
«ሲያረጅ እንዲህ ይሸታል።»
«እኛስ?» አለች።

ከላምባው ሥር ኮክ አለ፤ ከኮኩ ሥር የሎሚ ልጣጭ፣
ከዚያ ወዲያ ዝናብ ያጠበው ድንጋይ፣ ምላስ ዳር የሚያፏጭ።
በጎመን ሞከርነው፤ ጎመኑን ናቀው።
በሽሮ፤ ተኳረፉ።
ከዚያ ዓሣውን ቀደደች፣ በዳጣ ለወሰች፣
ቃሪያው ዓይኗን እስኪያስለቅሳት ጎረሰች፣ ተጎነጨች።
ዝም።
«አበረደው» አለች፣ «ግን አላጠፋውም።
እንደ ጥሩ ሽማግሌ ነው፤ መሀል ይገባል እንጂ ለማንም አያደላም።»

እኔም ቀመስኩ። ጣፋጩ እሳቱ ውስጥ ሰመጠ፣ ሎሚው ብቻ ቀረ፤
እሳቱም ሎሚው ጎን ተቀምጦ እንደ ሰው ተነጋገረ።
ያን ጊዜ ነው ያ ማታ ትዝ ያለኝ።

ትልቁ ሆቴል። እሷ ወጥ ቤት፣ እኔ አዳራሽ።
አንድ እንግዳ የትርሲትን አዋዜ ጥብስ በልቶ አፉ ነደደ፤
ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ፤ ኃላፊው እየፎከረ ወጥ ቤት ወረደ።
አርባ ብር ከደሞዟ ተቆረጠ።
የቀዳሁለት ግን እኔ ነበርኩ፤ ደረቅ፣ ኃይለኛ፣ ቀይ፤
እሳት ላይ ቤንዚን። አላወቅሁም ነበር? አውቄ ነበር ወይ?
እንጃ። ዝም ማለቴን ግን አውቃለሁ።

ነገርኳት። አሥራ ሰባት ዓመት ዘግይቼ፣
የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣
«ጥፋቱ የበርበሬሽ አልነበረም» አልኩ።
የዓሣውን አጥንት ለቀመች፤ አንድ በአንድ በሳህኑ ጠርዝ ደረደረች።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ።
«አርባ ብር» አለች በመጨረሻ። «ያኔ ሁለት ዶሮ ይገዛ ነበር።»
ብርጭቆዋን ወደኔ ገፋች። ሞላሁላት፤
ለእኔ የተረፈው ጉንጭ እንኳ አይሞላም ነበር።

ስወጣ ጠርሙሷን አጥባ ደፍታታለች። «ለዘይት ትሆናለች።»
ደህና እደር አላለችኝም፤ በሩን ግን እስክሻገር ይዛልኝ ቆማለች።

ለገሃርን ስናልፍ ቡሹን ከኪሴ አወጣሁት፤
ላምባ፣ ኮክ፣ ከጣቴም ትንሽ ዳጣ።
አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ
አፍንጫዋን ይዛ መስኮቱን ከፈተች።