ከሰባቱ ሦስቱ

ቆሜ ነው የመጣሁ ከመገናኛ አንስቶ፣
ኬኩን የያዘው ክንዴ መጨፍለቁን ፈርቶ።
ጎሮን አለፍ ስንል ሰማዩ ተቀደደ፣
በማይዘጋው መስኮት ትከሻዬ ላይ ወረደ።
አንድ አዛውንት አዩኝ፤ «የልጅ ነው?» አሉና
ካርቶኑን ሸፈኑት ጋቢያቸውን ፈቱና።

ቱሉ ዲምቱ በሐምሌ መንገድ የላትም፣
ጭቃው የዋጠውን ጫማ አይመልስም።
እግሬን በፌስታል አስሬ፣ ድንጋይ እየመረጥሁ፣
አራት ፎቅ ደረጃ በዳበሳ ወጣሁ።
መብራት የለም።
ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የለም።
ይህ ለኛ ብሎክ አዲስ ነገር አይደለም።

«እማ፣ ረሳሽው ብዬ ነበር» አለች ከበር፣
ከጠዋት ጀምራ ሰዓቱን ስትቆጥር።

ኬክ ቤቱ ስሟን አሳስቷል፤ «ኤልዳና» ያልኩትን
«ኤልሳና» ብሎ ጻፈው፣ ሳይቀንስ ሒሳቡን።
እሷ በጣቷ ጫፍ «ሳ»ን ጠረገችና
«ዳ» አርጋ ጻፈችው፣ ጣቷን ላሰችና።

ሰባቱን ሻማ ለኮስኩ። ቤቱ ቤት ሆነ።
ግድግዳው ላይ ጥላችን ከኛ በላይ ገነነ።
«በይ እፍ በይ» ስላት ትንፋሿን ሰበሰበች፣
ጉንጯን ነፍታ፣ ነፍታ… መልሳ ለቀቀች።
«ካጠፋሁት ይጨልማል። ይንደድ ትንሽ» አለች።
«እማ፣ ያንቺስ መቼ ነው?» ደግሞ ጠየቀች።

ምን ልበላት?
የሷ ቀን ተጽፏል፦ ሐምሌ ዘጠኝ፣ ሌሊት ስምንት ከሩብ፣
የክትባት ካርዷን ከብር አስበልጬ ይዣለሁ በቅርብ።
የኔ መታወቂያ ግን «ጥር አንድ» ይላል፤
ከኛ መንደር የመጣ ሁሉ ጥር አንድ ተወልዷል።
ጸሐፊው ነው የሰጠኝ፣ እስክሪብቶው ሲቸኩል፣
ሰልፉ ከኋላዬ «ቶሎ በይ!» ሲል።

እናቴ የነገረችኝ ሌላ ነው፦
«ባቄላው በበረዶ የተመታ ለት ነው።
አባትሽ ሊያለቅስ ከማሳው ሲገባ
አንቺ ቀድመሽ አለቀስሽ፤ ተመለሰ የሱ እንባ።»
ወሩን ሳልጠይቃት አፈር ቀደመኝ፣
አሁን ያን በረዶ ማን ይቁጠርልኝ?
ፋብሪካ ውስጥም ቁጥር ነኝ፤ መስመር አራት፣ ወንበር ስድስት፣
ስንት ሸሚዝ ወጣ እንጂ ማን ጠየቀኝ ስንት ዓመት?

ኤልዳና አሰበች፣ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው፣
ሦስቱን ሻማ ነቅላ ወደ እኔ ለየችው።
«ይኸው ያንቺ። ቀኔን ለሁለት ከፍያለሁ።
በሚመጣው ዓመት አራት እሰጥሻለሁ።»

ሦስቱን እፍ አልኳቸው፤ አንድ ነገር ተመኘሁ፣
«ከተናገርሽው አይሆንም» አለችኝ፤ ዝም አልሁ።
በቀሩት በአራቱ ኬክ በላን፣ ጸጉሯን ሠራሁላት፣
ሰሙ ስሟ ላይ ሲንጠባጠብ ጭኔ ላይ ወሰዳት።

አራት ሰዓት ሲሆን መብራት መጣ በድንገት፣
ብሎኩ በሙሉ «ሆ!» አለ፣ ጭብጨባ ሆነ ከየቤት።
የተጨበጨበው ለኛ መስሏት
ፈገግ አለች በእንቅልፏ።
እኔም አላረምኳት።