ልክ

አማካሪው ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣
ወረቀቴን ገለጥ አርጎ «ተጨባጩን እንይ» አለኝ።
በእንግሊዝኛ ነው ያለው፣ አለስልሶ፣ ተጠንቅቆ፤
ጆሮዬ ግን ልጣጩን ልጦ፣ ፍሬውን ብቻ ፈልቅቆ
ሰማው፦ «ልክሽን እወቂ!»

እሺ። ልኬን ልወቅ።

ሱ ፎልስ፣ የጥር ሌሊት። መስኮቱ በረዶ ለብሷል፤
ልብስ ማጠቢያው ቤት ባዶ ነው፤ አንድ ማሽን ብቻ ይጮሃል።
ሰንጠረዥ ከፈትኩ ጉልበቴ ላይ፣ ሚዛኑን ራሴ ጨብጬ፣
ሻጭም እኔ፣ ሸቀጥም እኔ፣ በሁለት ወገን ተቀምጬ።

አማካይ ውጤት፦ ሦስት ነጥብ ስድስት ሰባት።
የመግቢያ ፈተና፦ አምስት መቶ ሰባት።
ሰባት ቅዱስ ቁጥር ነው ይላሉ፤
እዚህ ግን ከዘጠኝ ያንሳል።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፦ ሲ ፕላስ።
እናቴ በሥጋ ፋብሪካው እጇ ዝሎ ቢላ የጣለችበት፣
እኔም ኪራይ ልሞላ ብዬ ሁለት ፈረቃ የሠራሁበት፣
ካርቦን ከካርቦን የጠፋብኝ መንፈቅ ነው።
ለማብራሪያ ሳጥን አለ። ጠባብ ነው፤
የእናቴ የእጅ አንጓ ግን አብጧል፣ አይገባም።

ምርምር፦ ባዶ።
አንድ ሰመር ሙሉ በላብራቶሪ የዝንብ ጠርሙስ አጥቤያለሁ፤
ዝንቦቹም ስሜን አያውቁ።

ታማሚ የተንከባከብኩበት ሰዓት፦
አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት።

ስምረት አንሶላ እያጣጠፈች በትከሻዬ ላይ አየችኝ፤
«አንድ ሺህ አምስት መቶ በይው፣ ማን ይቆጥራል?» አለችኝ።
«ሁለት ቀን ያየሁትን ክሊኒክ እኔ ዓመት አርጌዋለሁ፤
ሁሉም ሲያበዛ፣ አንቺ ብቻ አንሰሽ ስትቀሪ አያለሁ።»

አንድ። አምስት። ዜሮ። ዜሮ።
ጻፍኩት። አማረብኝ ደግሞ፣
ክብ ቁጥር፣ ታጥቦ እንደተተኮሰ ሸሚዝ።

ያን ጊዜ ኦርቪል ትዝ አለኝ፣
የአረጋውያኑ ቤት፣ ክፍል አሥራ ዘጠኝ፣
በቆሎ ሲያርሱ የኖሩ ሰው፤ ልባቸው መንገድ የሳተ፣
አንዴ የሚሮጥ፣ አንዴ ደግሞ ያሰበው ነገር ያለ ይመስል የሚቆም።
የመጀመሪያ ሳምንቴ ነው። አንጓቸውን ያዝኩ፤
አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጠርኩ፤
በአራት አባዝቼ
«ሰባ ሁለት» ብዬ ጻፍኩ።

ዳርሊን፣ የሌሊቷ ነርስ፣ ሠላሳ ዓመት እዚያ የቆመች፣
እስክሪብቶዬን ከእጄ ወስዳ፣ ሳትቆጣ እንዲህ አለች፦
«የእኚህ ሰው ልብ አይባዛም። እኩል የሚመታ ይባዛል፤
የተዛባውን ግን ሙሉ ደቂቃ፣ አንድ በአንድ መቁጠር ይሻል።»

እንደገና ያዝኳቸው።
ሁለት መታ፤ ዝም።
ሦስት መታ፣ ፈጠነ፣ ተደናቀፈ፤ ዝም።
በዝምታው መሀል ዓይናቸውን ገለጡ፤ «አለሁ?» አሉኝ።
«አሉ» አልኩ። ቁጥሩ ጠፋብኝ።
ከአንድ ጀመርኩ።
ሰማንያ ዘጠኝ ወጣ፤
ከሰባ ሁለት ጋር በመንገድ ቢገናኙ ሰላም አይባባሉም።

የጻፍኩትን ሰረዝኩ።
አንድ። ሁለት። አንድ። አራት።

ትቀበለኝ ይሆን አንዷ፣ ከሃያ ከማመለክትባቸው?
ምናልባት አንዷ። ምናልባት ማንኛቸውም።
ሁለት ኤ፣ ፈጠነ። ሲ ፕላስ፤ ዝም።
ሦስት ኤ። ባዶ ምርምር፤ ዝም።
ልክ ማለት ወሰን ብቻ መስሎኝ ነበር፣
ሲገፉኝ የምቆምበት አጥር፤
ለካ ሳያጎድሉ ሳያበዙ መቁጠርም ልክ ነው።

ስምረት ዘንቢሏን አንጠልጥላ በሩን በክርኗ ከፈተች፤
ብርዱ ገባ። «ነይ እንጂ፣ መኪናዋ ሞቃለች።»

ቆይ፣ ስምረት።
ሠላሳ ሰከንድ ነው የሆነኝ፤
ገና ግማሽ ላይ ነኝ።