አደረ

አይሉኝም "ደኅና ነው?" አይሉኝም "በላ ወይ?"
ጥያቄው አንድ ነው፤ "ልጅህ ሰው ሆነ ወይ?"

የአቶ ቢያድግልኝ ልጅ ጥቁር ካባ ለብሶ፣
ሳሎን ተሰቅሏል፤ ያየዋል እንግዳ ጠላውን ቀምሶ።
የወይዘሮ ይመኙሽ ልጅ መኪና ገዛ፤ የወንበሩን ላስቲክ ገና አልላጠም፣
ሰው ሆኗል ማለት ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ አይጠየቅም።

እኔ መረብ ጠጋኝ ነኝ፣ ከወደቡ ግርጌ፣ ከሾላው ጥላ ሥር፣
ዓይኔ ቢደክምብኝ ጣቴ ነው የሚያየው ቋጠሮና ክር።
የልጄ ስም ልመንህ ነው። እናቱ ናት ያወጣችው፣
ፈጣሪን ለምና ስላገኘችው።
ስሙ ለኔ እንደሚተርፍ ማን ነግሯት ያን ጊዜ፣
በጠራሁት ቁጥር ልመና ይሆናል ትእዛዜ።

በዘጠኝ ዓመቱ የትምህርት ቤት መስኮት በድንጋይ አወረደ፣
በአሥራ አራት የጓደኛውን ጥርስ፤ ቀጥሎ ጫት ለመደ፣
በአሥራ ስድስት የሰው አደራ መረብ ሸጦብኝ ጣቢያ ወረደ።
ዋስ ሆኜ ፈረምሁ። ደግሞ ፈረምሁ።
ፖሊሱ ስሜን በቃሉ እስኪያውቀው ተመላለስሁ።

"ጠበል አስገባው" አለኝ አንዱ፤ አስገባሁት፤ በሦስተኛው ቀን አጥር ዘሎ መጣ።
"ካደው" አለኝ ሌላው።
"ምታው" አለኝ ደግሞ። በመቅዘፊያ መታሁት። የዚያን ዕለት ነው የወጣ።
ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።
የእንጨቱን ነው የምላችሁ። እሱማ ድምፅ አላወጣ።

ሁለት ክረምት በባትሪ ዞርሁ፤ መናኸሪያው፣ ዘንባባው ሥር፣ የድልድዩ እግር፤
ጆንያ ስገልጥ የሌላ አባት ልጅ፣ ደንግጦ የሚያይ፣ የማይናገር።
እናቱ ራቱን ከድና ታሳድራለች፤
ሲነጋ ለውሻ ትደፋለች፤ ሲመሽ ደግሞ ትከድናለች።

"ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤"
ድሮ ስተርተው ቀላል ነበር፤ አሁን አፌን ያቃጥላል።
ጣናን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከሐይቁ አይቀላቀልም ይላሉ፤
በቤቴም እንዲያው ነው ያለፈው፣ ሳይነካን፣ በመሀሉ።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት፣ በፋኖስ መረብ ስጠግን፣
መጣ።
ሰላም አላለኝም። እኔም "የት ነበርህ?" አላልሁም፣
ቃሌ ድንጋይ ሆኖ ዓሣው እንዳይበተን።
ሦስት ክንድ ርቆ ተቀመጠ።
ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ተነፈሰ፤ ሁለታችንም ዞር አልን፤
በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር አብረን ያየነው ያኔ ነው።

ከዚያ የመረቡን ጫፍ ያዘ። ወጠረልኝ።
እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በክሩ በኩል ተሰማኝ።
"መረብ ማለት ቀዳዳ ነው፣ ክር ያያያዘው" ብዬ
ሕፃን ሳለ አስተምሬው ነበር፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ አባብዬ።
አንድ ቋጠሮ ቋጠረ። ጠማማ።
ምንም አላልሁም፤ ውሃው ብቻ ነበር የሚሰማ።
እዚያው መረቡ ላይ ተኛ። ጋቢዬን ጣልሁበት።
ትንፋሹን ቆጠርሁ፤ ጎሕ ሲቀድ እኔኑ እንቅልፍ ጣለኝ፣ ሳላስበው፣ በድንገት።

ስነቃ የለም። ኪሴ ውስጥ ሦስት መቶ ብር ነበረ፤
ሁለቱን ወስዷል።
መቶዋን ትቷታል፤ እንደ ታጠፈች፣ በነበረችበት።
ድሮ ኪስ ገልብጦ ነበር የሚሄድ፤ ሳንቲም አያስተርፍም።
ሳቅሁ፣ ብቻዬን፤ ሳቅ ነው መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ለእናቱ ስነግራት "ከሳ?" ብቻ አለች።
ቋጠሮዋን አልፈታሁም፤ እንደ ጠመመች አለች።
የመረቡ ባለቤት "ይቺ ምንድን ናት?" ቢል፣ ጣቱን ሰድዶ፣
"ለእሷ አታስከፍለኝም" አልሁት፣ "ከሂሳቡ ላይ ተቀንሶ።"

እሑድ ማኅበር ላይ ጠየቀኝ አንዱ፣ ያው እንደ ነበረ፤
"ልጅህስ... ሰው ሆነ?"
ጽዋዬን አስቀመጥሁ።
"ሐሙስ" አልሁት፣ "አደረ።"