ማሰሪያ የሌለው

ከጣርማ በር ቁልቁል ጉሙ ሲወርድ ማታ፣
ስድሳ ሁለት ደብተር አቅፌ በዝግታ፣
አዘገምኩ በአስፋልቱ ዳር ወደ ኪራይ ቤቴ፤
ቀይ እስክሪብቶ በኪሴ፣ ብርዱ በአንገቴ።

አምስት ዓመት ሆነኝ እንግሊዝኛ ሳስተምር፤
ደብረ ሲና፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ያው ስህተት የማይቀየር፦
ከቃል ተነስቶ ሄዶ፣ ቃል ላይ የሚቀር፣
ዐረፍተ ነገር መሳይ፣ ዕረፍት የሌለው ነገር።

ስሙን እዩት እስቲ፤ ነገር የሚያርፍበት፣
እንደ መንገደኛ ጫማ የሚያወልቅበት።
ባለቤት ያሻዋል፤ «ቤቶች!» ሲባል ከደጅ፣
«አቤት» የሚል ድምፅ፣ በር የሚከፍት እጅ።
ማሰሪያም ያሻዋል፤ ጭነት ያለ ጠፍር
ከአርማንያ ተነስቶ ዳገቱን ቢጀምር፣
ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይበተናል ምድር።

«ቢኮዝ ኦፍ ዘ ፎግ።» ምንተስኖት ጻፈና ዘጋ።
በጉሙ ምክንያት ምን? አውቶቡስ ሳይመጣ ነጋ?
በግ ጠፋ? ሰው ወደቀ? አይልም። ነጥቧን ብቻ
ከኋላ ጎማ ሥር እንደ ድንጋይ ወሽቆ፣
መኪናውን ዳገት መሐል ጥሎት ወረደ፣
ቁልፉን ይዞ፣ ስቆ።

«ሴሊንግ ቆሎ፣ ኤቭሪ ዴይ።» የሽታዬ ነው ይሄ ደግሞ።
መሸጥ፣ ቆሎ፣ በየቀኑ። ማን? በየትኛው መስኮት ሥር ቆሞ?
ባለቤት የለውም ብዬ በቀይ ልከብበው ስል
እጄ ዘገየ። ባለቤቱን አውቃለሁ፤
የደሴው አውቶቡስ ሲቆም አይቻታለሁ፣
ፌስታሏን ወደ ላይ ዘርግታ፣
እኔን ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ።
«አይ» ብዬ ጻፍኩላት ከመስመሩ መጀመሪያ፣ አንዲት ፊደል፣ ለብቻዋ፤
የእንግሊዝኛው «እኔ»፣ የአማርኛው እምቢታ።

የመጨረሻው ደብተር፣ የአጸደ።
ገጹ ሙሉ ባዶ። ከላይ አንድ መስመር፦
«ዌን ማይ ብራዘር ካምስ ባክ።»
ወንድሜ ሲመለስ።
ነጥቡን አጥብቃ ስለጫነችው
ወረቀቱ ተበስቷል።

በማግስቱ ጠራኋት። «ሁለት መንገድ አለው፤
አንደኛው ቀላል ነው፦ ‹ዌን› ን ማጥፋት ነው።
‹ሲ› ን ከ‹ሲመለስ› ላይ እንደ መንቀል ያህል፤
የቀረው በእግሩ ይቆማል፣ ሙሉ ይባላል።»
ላጲሱን ሰጠኋት። አየችው፤ አየችኝ።
«ቲቸር፣ ያኔ እኮ ውሸት ይሆናል» አለችኝ።

ወንድሜ ይመለሳል።
ባለቤት አለው፣ ማሰሪያ አለው፣ ነጥብ አለው፤
ሰዋስው ያጸደቀው፣ አጸደ ያልፈቀደችው።
ገረመው ከሄደ ሦስተኛ ክረምቱ፤
በሎጊያ አድርጎ ነው አሉ፣ ወደ ባሕር ፊቱ።
ከዚያ ወዲህ ቤታቸው
ማንም በ«ሲ» ጀምሮ አይጨርስም።
ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት
ላጲሱን ካቀበልኳት በኋላ ነው።

«ሁለተኛውስ መንገድ?»
«ማሰር ነው» አልኳት። «ሲመለስ፣ ከዚያ ምን?
አንድ ግሥ ፈልጊለት።»
ማሰሪያ አንቀጽ እንላለን፤ አንቀጽ በግዕዙ በር፤
እኛም እዚህ ከበር በታች፣ ከጣርማ በር ሥር፣
ማን እንደሚወርድ ሳናይ በጉም የምናድር።

እኔማ የጠበቅሁት እንባ ነበር፣ እልልታ፣
ወይ ደግሞ «ደስ ይለናል»፣ የታወቀች መዝጊያ፣ የተማሪ ሁሉ መመኪያ።
እሷ ግን እስክሪብቶውን ጥርሷ ላይ አኑራ ቆየች፣
ጎንበስ አለች፣ ጻፈች፦
ወንድሜ ሲመለስ፣ ጃኬቴን አውልቆ ይሰጠኛል።
«የኔን ለብሶ እኮ ነው የሄደው» አለች፣
እጇን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ እየሰበሰበች።

በተሰበረው መስታወት ጉሙ ገባ፤
የኋላው ወንበር ጠፋ፣ ከዚያ የመሐሉ።
ከዐሥር ዐሥር ሰጠኋት።
«ጃኬት» ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ ነበር፤
ተውኩት።